ያልረጠበው ሰማያዊ

ሐምሌ 6 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ አዳማ

ሣጥኑ መጣ። ኑሬ ከአዋሽ በመጣው ባቡር ይዞት ወርዶ በራችን ድረስ አመጣልኝ። ኑሬ የባቡሩን ፍሬን የሚይዝ ሰው ነው፤ የአገሩን ሰው ዕቃና ወሬ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ዛሬም ቆሞ የሆነ ነገር ሲነግረኝ ነበር። እኔ ግን ሣጥኑን እየከፈትኩ ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም።

የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ውስጡ አሥራ ሁለት ደረቅ ቀለሞች እንደ ከረሜላ ተደርድረዋል። የባቡር መካኒኩ ሚስት ማዳም እዚህ ሳለች፣ ልብሷን ስተኩስላት የሷን ሣጥን ከሩቅ ነበር የማየው። አገሯ ስትገባ ያለቁትን ቀለሞች ጥራጊ ትታልኝ ሄደች። ሙሉ ሣጥን የራሴ ብዬ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀዩን በእርጥብ ጣቴ ነካ አድርጌ ወረቀት ላይ አሳረፍኩት። እኔ ያደግሁት አባባ ድንጋይ ሲወቅጡ፣ ሲነፉና በሙጫ ሲለውሱ እያየሁ ነው፤ ቀለም ማለት ድካም ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ይህኛው ውሃ ሲነካው ብቻ ከተኛበት ተነሣ። እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ። የፈራሁ መሰለኝ።

ሰማያዊው መካከል ላይ ነው። እሱን አልነካሁትም። ለሱ የሚገባ ሥራ እስኪገኝ ይቆይ።

ከሣጥኑ ጋር ወረቀት ነበረበት። የጻፈው አብተው ነው፤ የጎረቤታችን የወይዘሮ አሰለፈች ልጅ። አዋሽ ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ሆኖ ከሄደ ስድስት ወሩ ነው። ወረቀቱ ስለ ቀለም ነው የሚያወራው፤ ሌላ ምንም የለበትም። እንደ ጎረቤት ነው የላከልኝ።

ሐምሌ 8

አባባ ሣጥኑን አሸተቱት። «ይህ ቀለም ምንም አይሸትም» አሉ፤ አላመኑትም። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሠራውን ሥዕል እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ሰው ሁሉ አለቃ ገሠሠ ዛሬም እጃቸው አልደከመም ይላል። እኔም አዎ እላለሁ።

የሣልኩትን አንዱንም አላዩልኝም። ይህን ደጋግሜ ማሰብ መተው አለብኝ።

ሐምሌ 12

አብተው ሞቷል።

ሐምሌ 9። ወባ። ሐዲዱ ዳር ቀበሩት አሉ። ሬሳው አይመጣም።

ጩኸቱ ከወይዘሮ አሰለፈች ቤት ሲነሣ ቀለም በጥብጬ ነበር። ሄድኩ። ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት አቀበልኩ። ዘመዶች ገብተው ከእናቱ ጋር ተቀመጡ። እኔ ምናቸውም ስላልሆንኩ በር ላይ ቆምኩ።

ሐምሌ 13

ኑሬን ጣቢያ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ሊያየኝ አልፈለገም።

«ያን ዕለት ነገርኩሽ እኮ» አለኝ። «ራሱን አሞታል፣ ሻሽ አስሮ ነው ዕቃውን ያቀበለኝ፣ ለእናቱ ንገሪልኝ አልኩሽ። እሺ አልሽኝ።»

እሺ ብያለሁ ማለት ነው። ምን እንደሰማሁ አላስታውስም። ቀዩን እየነካካሁ ነበር።

ሌላም ነገረኝ። አብተው ከሥራ የሦስት ቀን ዕረፍት ተሰጥቶት ነበር። ኑሬ «ወደ አዳማ ውጣ፣ እናትህ ዘንድ ተኛ፣ አየሩ ይሻልሃል» ብሎት ነበር። እሱ ግን ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ የሚገዛ ነገር አለኝ ብሎ። ሲመለስ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በግንቦት «ሁሉም ይገኛል፣ ሰማያዊ ብቻ የለኝም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰማይ ያለ ሰማያዊ አይሣልም ብዬ ቀልጄበታለሁ።

አንድ መስመር ነው የጻፍኩት። አንድ መስመር።

ሐምሌ 15

ወይዘሮ አሰለፈች ዛሬ ወደ ቤታችን መጡ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ነበር፤ በራችን ላይ ግን እጃቸውን አስለቅቀው ብቻቸውን ገቡ።

እኛ የመጣንበት አገር፣ ሰው በሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ በአርባው ቀን ልብሱን እንጨት ላይ አልብሰው ሜዳ ላይ ያቆሙታል። ምስል ይሉታል። የሚለቀሰው በሱ ዙሪያ ነው። የአብተው አርባ ነሐሴ 18 ቀን ይውላል።

«አለቃ፣ ልብሱ አለኝ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «ኮቱ አለ፣ ኩታው አለ። ፊት የለውም። ሲታመም አላየሁት፣ ሲሞት አላየሁት፣ መቃብሩንም አላይም። ፊት የሌለው ነገር አቁሜ ልጄ ብዬ ልጠራ ነው?»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልሥልልዎ እችላለሁ» አሉ። ዓይን እንደሌላቸው የዘነጉ ይመስል ነበር። «ግን ጠፍጣፋ ሥዕል እንጨት ላይ ሰቅለው ልብስ ቢያለብሱት አያምርም። ከፍና ዝቅ ያለ ፊት ደግሞ ቅርጽ ነው። በእኛ ሥርዓት የቅዱስ መልክ ይሣላል እንጂ አይቀረጽም።»

«ቅዱስ አድርጉት አላልኩም። ልጄን አድርጉልኝ ነው ያልኩት።»

ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ቀጥሎ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። «እኔ እሠራዋለሁ፣ እመይቴ።»

አባባ ወደ ድምፄ ዞሩ። «በምን?»

«በወረቀት።»

ማዳም ለልጇ አሻንጉሊት ስትሠራ አይቻለሁ። አሮጌ ጋዜጣ ቀድዳ፣ በተቀቀለ ዱቄት እየነከረች፣ በጭቃ ቅርጽ ላይ ስትደርብ። ደርቆ ጭቃው ሲወጣ እንደ ቅል ቀላል፣ እንደ እንጨት ጠንካራ የሆነ ራስ ቀረ። የዚያን ቀን ካውያውን እጄ ላይ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ የማዳም ቀሚስ ተቃጠለ። ሰው የሚጥለው ወረቀት ፊት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አባባ ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። 

ሐምሌ 17

የጀመርኩት ሥዕል አለ። ማንም አያውቀውም። በጥር፣ ሊሄድ ሰሞን፣ በማዳም ጥራጊ ቀለም የጀመርኩት የአብተው ሥዕል ነው። ጣቢያው ውስጥ የጭነት ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ግንባሩ አለ፣ ዓይኖቹ አሉ፣ አንድ ጆሮው አለ። አፉ የለም። አፉ ላይ ስደርስ ዝም ይላል እንዴ? ያወራል፣ ይስቃል፣ ነገ ትጨርሺዋለሽ ይላል።

ዛሬ አውጥቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። ዓይኖቹ ደህና ናቸው። ደህና ብቻ አይደሉም፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ግን ሥዕሉ የሚነግረኝ ከፊት ያለውን ብቻ ነው። አፍንጫው ምን ያህል ይነሣል? ጉንጩ ከጆሮው ሥር እንዴት ነው የሚወርደው? ይህን ወረቀቱ አያውቀውም።

ሐምሌ 19

ዲንቄ ዘንድ ዋልኩ። ዲንቄ ከሠፈሩ ዳር የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ከባሏ ሞት በኋላ ማንንም ሳትጠይቅ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ ምላሷን ሁሉም ይፈራል። ለቅርጹ የሚሆን ጭቃ ልጠይቃት ነው የሄድኩት። ለምን እንደሆነ ስነግራት መሥራቷን አቁማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ሥሪው» አለችኝ። «ጭቃ ተሸክመሽ በዝናብ የት ትሄጃለሽ?»

ጀመርኩ። ሥዕሉን እያየሁ ሠራሁ፣ አፈረስኩ። እንደገና ሠራሁ፣ የማላውቀው ሰው ሆነ። ሦስተኛውን ሳፈርስ ዲንቄ መጥታ ሥዕሉን ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ጨፍኜ እንዴት እሠራለሁ?»

«ማሰሮ በዓይን ይሠራል እንዴ? ጨፍኚ። እጅሽ ያውቀዋል።»

«እጄ ከየት ያውቀዋል?» አልኳት። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

«ኤዬ፣ ይሁን» ብላ ወደ ማሰሮዋ ተመለሰች።

ጨፈንኩ። ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም። ጣቶቼ ሲቆሙ ዓይኔን ገለጥኩ። እሱ ነበር። ግራ ጉንጩ ከቀኙ ትንሽ ይሞላል፤ ይህን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እጄ ግን ሠርቶታል። እግዚአብሔር አዳምን ሲሠራ ጭቃው ላይ ጎንበስ ብሎ ዝም ያለበት ጊዜ ይኖር ይሆን? ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለኝ። ዲንቄ መጥታ አየችው፣ ከዚያም ሻሿን አስተካከለች፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደምታደርገው።

ሐምሌ 22

ኑሬ ሁለት እቅፍ አሮጌ ጋዜጣ አመጣ። ፈረንጅኛ ነው። ከበደል የሚነጻ ይመስል ዝናብ ውስጥ ተሸክሞት መጣ። «ሌላም ብትፈልጊ አለ» አለ።

ቀደድኩ፣ ነከርኩ፣ ደረብኩ። ሁለት ድርብ አለቀ። ሰባት ያስፈልጋል። ሃያ ስድስት ቀን ቀርቷል።

ሐምሌ 25

አይደርቅም። ሌሊቱንም ቀኑንም ይዘንባል። ሦስተኛውን ብደርብ ሁለተኛው ይላቀቃል።

ሐምሌ 27

ሻገተ። አገጩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ለሰው የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው፦ ከሐዲዱ ዳር ከአፈር በታች የሚሆነው ነገር እፊቴ የሆነ መሰለኝ። 

ላጥኩትና ጣልኩት። ቅርጹ ብቻ ቀረ።

እናቱ በአጥር በኩል «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ደህና ነው፣ እመይቴ» አልኩ። በውሸት እየጎበዝኩ ነው።

ሐምሌ 29

ችግሩን ዲንቄ ፈታችው። ማሰሮ የሚተኮስበት ጉድጓድ ከዳስ ሥር ነው፤ እሳቱ ከወጣ በኋላ አመዱ ሁለት ቀን ሙሉ ሙቀቱን ይይዛል። ቅርጹን ከአመዱ ትንሽ ከፍ አድርገን በወንፊት ላይ አስቀመጥነው። ማምሻውን አንዱ ድርብ እንደ ቁርበት ደርቋል። በጥፍሬ መታሁት፤ ተንኳኳ።

ሙቅ ፊት በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። የሚሞቀው ከአመዱ እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ።

ነሐሴ 2

ጾሙ ገብቷል። ከቅዳሴ ስንወጣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «የአለቃ ገሠሠ ልጅ ጣዖት እየሠራች ነው አሉ» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ «ለሟቹ ምኑ ናት?» አለች። መልሱን ሳልሰማ ፈጠን ብዬ ሄድኩ።

አባባም ሰምተዋል መሰለኝ። ወደ ቤት ስንገባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሲያንኳኩ ቆዩና «ሥዕል በሰሌዳው ውስጥ ይቀራል» አሉ። «ቅርጽ ግን ወደ ሰው ይወጣል። የምፈራው ይህን ነው።»

እኔም እፈራዋለሁ። ግን የምሠራውም ለዚያ ነው።

ነሐሴ 6

ስድስት ድርብ ደረሰ። ለሰባተኛው፣ ለላይኛው፣ ቀጭንና ጠንካራ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ጋዜጣው ሻካራ ነው፣ ይሸበሸባል። ስለዚህ ሌላ ወረቀት ስላልነበረ በእጄ ያለውን ተጠቀምኩ።

የጣቢያ የጭነት ወረቀቶች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ተጽፎባቸዋል። አራት ናቸው። በዚያ በጣቢያ እርሳስ የተጻፉ፣ ሲደርቅ ግራጫ፣ ሲረጥብ ሐምራዊ የሚሆነው። አብተው ጫፉን እየላሰ ነበር የሚጽፈው፤ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ሁልጊዜ ሐምራዊ ነጥብ ነበረው። እናቱ በሻካራ ጨርቅ ቢያሹት አይለቅም ነበር።

ቀደድኳቸው። ስነክራቸው ጽሕፈቱ ሁሉ ነቃ። እያንዳንዱ ፊደል ከግራጫ ወደ ሐምራዊ እየተለወጠ በጣቴ ላይ ወጣ። ግንባሩ ላይ አንዱን፣ በጉንጮቹ ላይ ሁለቱን፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከግራ ጉንጩ እስከ አፉ ድረስ አደረግኩት። ከዚያ ማንም እንዳያየው አባባ ለሥዕል ሰሌዳ እንደሚያደርጉት ጀሶ በሙጫ ለውሼ ሁሉን ሸፈንኩት።

ኑሬ ሌላም ወረቀት አለ ብሎኝ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ምን ይደረግ።

ነሐሴ 9

ጭቃውን ከውስጡ አውጥቼ ቅርጹን ወደ ቤት አምጥቼ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ከወንዝ ስመለስ አባባ በክፍሌ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ፊቱ ጉልበታቸው ላይ ነው።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የጣሉት፣ የሰበሩት መሰለኝ። ጣቶቻቸው ግን ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ የዓይኑን ጉድጓድ። አፍንጫውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጣት ወረዱት። ከንፈሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አብተው ነው» አሉ፤ መኖሬን ያውቁ ነበር። «እርሳስ የሚልስበት ከንፈሩ ነው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ግራ ጉንጩ ይሞላል።»

«አዎ።»

ጣታቸውን ከከንፈሩ አነሡ። «ሠላሳ ዓመት ቅዱሳንን ሣልኩ» አሉ ከዚያ። «አንዱንም እንዲህ አላወቅሁትም። አባቴ የሣለውን አየሁ፣ የሱን ሣልኩ። ይህን ልጅ ስንት ጊዜ ነው ያየሽው?»

«ጎረቤታችን ነው እኮ፣ አባባ።»

«ጎረቤት እንዲህ አይታይም፣ ሮማነወርቅ።»

 ቅርጹን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ፤ ታቦት እንደሚያቀብል ሰው ተጠንቅቀው። «ጨርሺው» አሉ። «ዝናብ እንዳይነካው ውሃ የማያስገባውን ቅባት ከላይ ቀቢው። አሠራሩን ታውቂዋለሽ። ያን ሳትቀቢ እንዳትሰጪ።»

ሦስት ዓመት ከሠራሁት ሁሉ አባቴ ያዩልኝ ይህን ነው።  

ነሐሴ 13

ቀለም እየቀባሁ ነው። ሣጥኑን ተጠቀምኩ። ቡናማ፣ ቢጫ፣ ትንሽ ቀይ። አንድ ጠብታ ውሃ ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ ጀሶው ይጠጣውና ቆዳ ይሆናል። ቆዳ ይሆናል! በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ጠብታ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አላዝዘውም፤ ራሱ ያውቃል።

አፉን ፈራሁት። በጥር የተውኩት አፍ ነው። ዛሬ ቀባሁት። እንዲዘጋ ነበር ያሰብኩት፤ አልተዘጋም። ሊናገር ሲል ያለውን ሆነ። ከንፈሩ ላይ ሐምራዊውን ነጥብ አደረግኩ።

ሰማያዊውን አልነካሁትም። ፊት ሰማያዊ አይፈልግም።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ቅባቱን ትናንት አፈላሁት። በትርፍ ወረቀት ላይ ሞከርኩት፤ ቀለሙን አጨለመው፣ እንደ ድስት ክዳን አብለጨለጨው። ነገ እቀባዋለሁ።

ነሐሴ 17

አልቀባሁትም። ጊዜ አጣሁ።

አይደለም። ጊዜ ነበረኝ። ቅባቱን ይዤ ፊቱ ፊት ተቀመጥኩ፣ እስኪረጋ ድረስ ተቀመጥኩ። የላከልኝን ቀለም በሌላ ነገር ልሸፍነው አልቻልኩም። በውሃ የተነሣ ነው፤ እንዲሁ ይቆይ ብዬ ተውኩት። ሰማዩ ዛሬ ጠርቷል። ነገም ይጠራል።

አባባ «ቀባሽው?» ሲሉኝ አዎ አልኩ።

ነሐሴ 19

ትናንት የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

ጠዋት ፀሐይ ነበር። ምስሉን ከወይዘሮ አሰለፈች አጥር ፊት ለፊት ሜዳው ላይ አቆሙት። የጣቢያ ኮቱን ከነናስ ቁልፉ፣ በላዩ ኩታውን አለበሱት። ፊቱን እኔ ራሴ አሰርኩት። ወይዘሮ አሰለፈች ከቤት ሲወጡ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው ነበር። ሲያዩት ቆሙ። አልጮሁም። ጠጋ ብለው ሐምራዊዋን ነጥብ፣ እንደ ድሮው፣ በአውራ ጣታቸው ሊያብሱ እጃቸውን ሰነዘሩ፤ ሳይነኩ መለሱት። ከዚያ ነው የጮሁት። ሜዳው ሁሉ ተከተላቸው። ወንዶች እንኳ ፊታቸውን አዞሩ። ኑሬ ከሙስሊሞቹ ጋር ዳር ቆሞ ነበር፤ ተንበርክኮ ተቀመጠ።

እኔ እንደ ወትሮው አጥሩ በር ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ወረቀትና ዱቄት ይህን ያደርጋል ብሎ ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ሦስት መቶ ሰው አብተውን አየ። እኔ የማየውን ፊት ሁሉም አየው፣ እኔ ብቻ ማልቀስ አልተፈቀደልኝም። ለሟቹ ምኑ ናት የሚለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ከአዋሽ በኩል ጠቆረ። ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሰዎች በረኖስ ይዘው ወደ ምስሉ ሮጡ፤ አልደረሱም። መጀመሪያ የከንፈሩ ሐምራዊ አገጩ ላይ ወረደ። ቀጥሎ ከዓይኖቹ ጥቁሩ። አንዲት ሴት «አለቀሰ» አለች፣ ሰው ሁሉ ተንበረከከ። እያለቀሰ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። የኔ ጥፋት ነው። ያልቀባሁት ቅባት ነው።

ወይዘሮ አሰለፈች ብቻ አልተንበረከኩም። በዝናቡ ውስጥ ሄደው በነጠላቸው ጫፍ ጉንጩን ጠረጉለት። ጀሶው ከነቀለሙ ተነሥቶ ከነጠላው ጋር ሄደ። ከሥሩ ጽሕፈት ወጣ። እንደ ሞተ ሰው እጅ ግራጫ አልነበረም፤ ዝናቡ ሲነካው ሐምራዊ ሆኖ፣ ዓይናችን እያየ፣ ከጉንጩ እስከ አፉ ደመቀ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ። ማንበብ አይችሉም። «የልጄ የእጅ ጽሕፈት ነው። የልጄን እጅ አውቃለሁ። ምን ይላል?»

የንስሐ አባታቸው ወደ ፊት መጡ። ጎንበስ ብለው ሊያነቡ ነው። እግሬ ከአጥሩ በር ሲነሣ አልታወቀኝም።

«እኔ ላንብብልዎ፣ እመይቴ።»

አነበብኩ። ማንበብም አያስፈልገኝም ነበር፤ ከሐምሌ 6 ጀምሮ በቃሌ ነው። «ሰማያዊውን አትቆጥቢው። ሲያልቅ ሌላ አመጣልሻለሁ።»

 ወይዘሮ አሰለፈች አዩኝ። ከዚያ ጽሕፈቱን፣ ከዚያ እንደገና እኔን አዩ።

«ለማን ነው የጻፈው?»

«ለእኔ» አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማ። አባባም ሰሙ። «ድሬዳዋ የወረደው በኔ ምክንያት ነው። ቀለም የለኝም ብዬው ነው። መታመሙንም ኑሬ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን ያዙኝ፣ አጥብቀው ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ዛሬም ቆዳዬ ላይ አለ።

«ታዲያ አርባ ቀን ሙሉ በር ላይ ለምን ቆምሽ?» አሉኝ።

ዘመዶች ወደተቀመጡበት ሰሌን ወሰዱኝና አጠገባቸው የተቀመጠችውን የአብተውን የአክስት ልጅ ጠጋ በይ አሏት። ተቀመጥኩ። አለቀስኩ።

ነሐሴ 21

ዲንቄ ነጠላዬን ጥቁር አድርጋ ነክራ አመጣችልኝ። «ሸክላ ሠሪ የማትነክረው የለም» አለች።  ለበስኩት።

አባባን «ቀባሁት ብዬ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ። «ሽታው አልነበረም።» ያወቁት ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አልጠየቅኋቸውም።

ነሐሴ 28

የንስሐ አባታቸው ፊቱ ይቀበር ብለው ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች «አንድ ጊዜ ያለ እኔ ተቀበረ፤ ሁለተኛ አይቀበርም» ብለው እምቢ አሉ። ራስጌያቸው ሰቅለውታል። ቀለም የለውም፣ ግንባሩ ላይም ጉንጮቹ ላይም ሐምራዊ ጽሕፈት ብቻ ነው፤ ግማሹ ፈስሷል፣ ግማሹ ይነበባል። አፍንጫው ግን አለ። ግራ ጉንጩ ይሞላል።

ከሰዓት ከሰዓት ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ጣቴን በመስመሩ ላይ አሳልፋለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ጣታቸውን ያሳልፋሉ። ደብዳቤው ለእኔ ነበር፤ አሁን ለሁለታችን ነው። አልተቆጨሁም። እንዴት እንዳልተቆጨሁ እኔም ይገርመኛል።

ዛሬ ወደ ጉንጩ ስንደርስ አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ። ቃል በቃል አሉት፣ እሱ በሚልበት አነጋገር፣ ቸኮል እያሉ። «ሰማያዊውን አትቆጥቢው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አደረግሽው?»

«ገና ነው፣ እመይቴ።»

«ልጄ ያዘዘውን?»

ቤት ገባሁ። ሣጥኑን ከፈትኩ። አሥራ አንዱ ቀለም ተቦርቡሯል፤ መካከል ላይ ያለው ብቻ እንደመጣ ነው፣ ጠርዙ እንኳ አልተነካም። በጥር የጀመርኩትን ሥዕል፣ ሚዛኑ ላይ የተቀመጠውን፣ አወጣሁ። አፉን ሠራሁለት። ከኋላው፣ ከጣቢያው ቆርቆሮ በላይ፣ ባዶ የተውኩት ሰማይ አለ።

ብሩሹን ነከርኩ። ሰማያዊውን አረጠብኩት።